ቶአካሴ ፊፊታን ልታመጣ የሄደች ዕለት

ቶአካሴ በዚያ ቅዳሜ ገበያ ላይ የዘረጋችውን ጎደሬ እንኳ ሳትሰበስብ ነው ወደ ጀልባው የሮጠችው። «ኧረ ሴትዮ፣ ዕቃሽን!» ብለው ጎረቤቶቿ ጮኹ። «ብሉት!» አለቻቸው። ወደ አርባው የተጠጋች ወፍራም ሴት ናት፤ እንዲያ ስትሮጥ የቫቫኡ ደሴት ሰው አይቷት አያውቅም።

ባለጀልባው ፓኤአ ጠዋት ነበር ወሬውን ያመጣላት። «የወንድምሽን የሴሚሲን ልጅ ፊፊታን አየኋት። ጀርባዋ በቀበቶ ተተልትሏል። ከውሾቹ ጋር ነው የምትበላው» አላት። የልጅቷ እናት ለፍራፍሬ ለቀማ አውስትራሊያ ከሄደች ወዲህ ሴሚሲ ቤቱ የጠመቀውን ከመጠጣት በቀር ሥራ የለውም።

ቶአካሴ ያንን ቀበቶ ታውቀዋለች። እሷና ሴሚሲ በአባታቸው እጅ እንዲያ ነው ያደጉት፤ ተርበው፣ ተገርፈው፣ ቤቱ ሥር ከአሳማ ጋር እያደሩ። በቶንጋ ደግሞ አባወራን ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ከገዛ እህቱ በቀር። የአባት እህት መጥታ «ይህን ልጅ ወስጃለሁ» ካለች ወንድም አንገቱን ደፍቶ እሺ ይላል እንጂ አይከራከርም። ሁለቱ ሕፃናት መንገድ ዳር ተቀምጠው አክስታቸውን ሉሴአኔን ሲጠብቁ ስንቴ መሸባቸው! እሷ ግን «በሰው ቤት አልገባም» ብላ ከጎረቤት መንደር ንቅንቅ አላለችም። ቶአካሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም፤ እውነትም ይቅር የሚባል አይደለም።

ዛሬ ግን አክስቲቱ እሷ ናት! ጀልባው ውስጥ መቀመጥ አቃታት።

«ፓኤአ፣ ፍጠን እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?»

«ኧረ ተቀመጪ፣ ትገለብጪናለሽ!»

ትስቃለች፤ ወዲያው ደግሞ ትሰጋለች። ሰካራም ወግ ያውቃል? እምቢ ቢልስ? ወይስ እሷ ራሷ ወኔዋ ከድቷት እንደ ሉሴአኔ ከደጅ ትመለስ ይሆን?

ደጁ ላይ ስትደርስ ሴሚሲ ብድግ ብሎ በጓሮ በር ወጣ። ደንቡ ነው፤ ወንድም ካደገ በኋላ ከእህቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። በዚሁ ደንብ የተነሳ ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ ቶአካሴ ቤቱን ረግጣው አታውቅም። አከባበሩ ለካ መሸሸጊያ ሆኖለት ኖሯል! ቆሽቷ አረረ።

«ሴሚሲ!» አለች በግድግዳው በኩል። «ፊፊታ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናት። ሰምተሃል?»

ግድግዳውን በመዳፏ መታችው።

«ሰምተሃል ወይ?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ይውሰዷት።»

እልልታዋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ልጅቷ ከጥግ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ተበጥሯል፣ በእጇ ጥቅል ልብስ ይዛለች።

«ማን ነው ልብስሽን የጠቀለለልሽ፣ የኔ ዓለም?»

«አባዬ። ፓኤአን "ጀርባዋን እይና ለእህቴ ንገርልኝ" ሲለው ሰማሁት። ከዚያ ዛሬ ጠዋት መንገድ ዳር ተቀምጦ አንቺን ሲጠብቅሽ ነበር፣ አክስቴ።»

ቶአካሴ ልጅቷን አዘለቻት። ቁስሉን እንዳትነካ በቀስታ ነበር። የዚያን ጀርባ ነገር ለወንድሟ ይቅር አትለውም፤ ያ የታወቀ ነው። ሆኖም ከመውጣቷ በፊት ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ሴሚሲ፣ መጥቻለሁ» አለች።

ከጓሮ ለቅሶ ተሰማ። የትልቅ ሰው ለቅሶ አልነበረም፤ ድሮ መንገድ ዳር ሲመሽባቸው አጠገቧ ተቀምጦ ያለቅሰው የነበረው ነው።