በኩበት ጭስ የከረመችው ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ደብረ ብርሃን ያለው ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግድብ አካባቢ የመጡ ልጆች ናቸው። ተደራጅተው የእንጨት ጀልባ አሠርተዋል፤ መረብና መንጠቆም ገዝተዋል። «አባባ፣ በዚህ አገር ስለ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት ተባልን። እስቲ የሚያስፈልገውን በወረቀት ይጻፉልን» አሉኝ። ምን ይደበቃል፣ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክር የሚጠይቀኝ ጠፍቶ፣ ሳልጠየቅ ስመክር ሰው መንገድ እየቀየረ ይሸሸኝ ጀምሮ ነበር።

መነጽሬን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ጀልባ ውስጥ ቆማችሁ አትሂዱ፤ ቦታ መለዋወጥ ካለባችሁ ጎንበስ ብላችሁ፣ ተራ በተራ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ማለዳ ውጡና ከምሳ በፊት ግቡ። የናይለን ክር ስትቋጥሩ ከማጥበቃችሁ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ አርጥቡት፤ በደረቁ ከሳባችሁት ክሩ ይጎዳና ትልቁ አሳ የመጣ ቀን ይበጠሳል። መረብ በጥላ እንጂ በፀሐይ አይሰጣም። እንዲህ እያልኩ ጥሩ ስሄድ ቆየሁና «ክረምት ሲገባ ጀልባዋን» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚወስደው መንገድ፣ ከግድቡ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነበር። አባቴ መምሬ በየነ የአጥቢያችን ቄስም ገበሬም ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩ፣ እርሻውንም የማልወድ፣ ክህነቱንም ያልተማርኩ፣ ሰው «ታዲያ ምን አሰብክ?» ሲለኝ የምናደድ ጎረምሳ ነበርኩ። እውነት ለመናገር ምንም አላሰብኩም።

ጋሽ ገመዳ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። የዝዋይ ሰው ነው፤ አሳ ሲያጠምድ ያደገ። ግድቡ ውስጥ የአሳ ጫጩት ከተጨመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበርና ወሬውን ሰምቶ ጀልባውን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ያገራችን ሰው ዳር ቆሞ ሳቀበት። እኛ ደገኞች ውሃ የምናውቀው ልንጠጣውና ልንሻገረው ነው። አሳን ከእባብ ለይተው የማያዩ ሽማግሌዎችም ነበሩ። እኔ ግን ገና ጀልባዋ ከዳር ስትላቀቅ አይቼ ልቤ አብሯት ሄደ። በማግስቱ ወርጄ «ልርዳዎት?» አልኩት።

አንድ በጋ ሙሉ አስተማረኝ። የመንጠቆ ጫፍ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ሲጎተት ካልያዘ አልተሳለም ማለት ነው። መረቡን በላይ ቡሽ፣ በታች እርሳስ እናስርበታለን፤ እርሳሱ ከበዛ ቡሹን ይዞት ይሰምጣል። የተያዘ አሳ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል እንጂ ፀሐይ አይሞቅም። ጠዋት ውርጩ ጣታችንን ሲያደነዝዘው መቅዘፊያውን እየተቀባበልን እጃችንን ብብታችን ውስጥ እናሞቅ ነበር። ከዚያ ዳር ወጥተን ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በሚጥሚጣ ጠብሰን፣ እናቴ ከሰጠችኝ የገብስ ዳቦ ጋር! ወይ ጉድ፣ እንደዚያ ያለ ምግብ በሆቴል ፈልጌ አላገኘሁም።

ሰኔ ሲገባ ጋሽ ገመዳ ለቤተሰቡ ሊያርስ ወደ አገሩ የሚሄድበት ጊዜ ደረሰ። ቤታችን መጥቶ የአባቴን መስቀል ተሳለመ። «አባ፣ ያለችኝ ንብረት ይህቺ ጀልባ ናት» አለ። «ዳር ላይ ድንጋይ ጨምሩባትና አስጥሟት። ውሃው ውስጥ ትክረም። በሷ ምንም አትቸገሩ።» ወደ እኔም ዞሮ፣ «በደህና ካቆየሃት፣ ከመስከረም ጀምሮ ረዳት መሆንህ ቀርቶ ባልደረባዬ ነህ» አለኝ። በሕይወቴ የሆነ ነገር ልሆን ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

አባቴ ሸኝቶት ሲመለስ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! እናንተን አላስቸግርም ብሎ እኮ ነው። የሰው ሀብት፣ ያውም እንጨት፣ ሦስት ወር ውሃ ውስጥ ከርሞ ምን ሊተርፍ?»

«አባዬ፣ አስጥሟት ነው ያለው።»

«ይሉኝታ ነው፣ ልጄ! ‹ብላ› ሲሉት ‹ጠግቤያለሁ› የሚል እንግዳ አይተህ አታውቅም? ጠግቤያለሁ አለ ብለህ ጦሙን ታሳድረዋለህ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

እኔም አመንኩት። እኛ ቤት ሞፈርና ቀንበር ክረምቱን የሚያሳልፈው ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ነው፤ ጭስ የጠጣ እንጨት ነቀዝ አይነካውም፣ አይበሰብስም። ለእንጨት ከዚህ የበለጠ ክብር አናውቅም። አባቴ ደቦ ጠራ፤ አሥራ ሁለት ሰው ጀልባዋን በቃሬዛ እንዳለ በሽተኛ ተሸክሞ ያን ዳገት በዝናብ ወጣ። ጠላ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ትልቁ ማድ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው ከዚህም ከዚያም እየተንተገተገ፣ ጀልባዋ የጣሪያው ወራጅ ላይ ተገልብጣ ተሰቀለች። እናቴ፣ «ቤቴን ወደብ አደረጋችሁት፤ ነገ ደግሞ መርከብ አምጡ» እያለች ከሥሯ ኩበቷን ታነድዳለች።

ክረምቱን ሙሉ ጉሙ ደጃችንን ዘግቶ ሲከርም አባቴ ከቅዳሴ እየመጣ ቀና ብሎ ያያታል። አንዱ ጎን ብቻ እንዳይሞቅ በየሳምንቱ ያዞራታል። አንድ ቀን እንደ ከበሮ በጣቱ መታት። «ስማ፣ እንዴት ደርቃ እንደምትጮህ!» አለኝ ደስ ብሎት።

ጋሽ ገመዳ መስቀል በዋለ በሳምንቱ መጣ። አባቴ አፍታ አላስቀመጠውም፤ ክንዱን ይዞ ማድ ቤት አስገባው። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ቀና ስል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በሩ ተከፍቶ ስለነበር በሳንቃና በሳንቃ መካከል ብርሃን ያልፋል። ጣት ባያስገባም ስንዴ ያሳልፋል። ክው አልኩ። ክረምቱን ሙሉ በጭስ ውስጥ ስናያት ከርመን አንዳችንም ይህን አላየንም።

ጋሽ ገመዳ አፉን ከፍቶ ቆመ። አባቴ፣ «አንድ ጠብታ ውሃ አልነካትም!» አለው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የአባቴን መስቀል ሳመ። «አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ አይቼ አላውቅም» አለ።

እውነቱን የነገረኝ ግድቡ ዳር ስንደርስ ነው። የጀልባ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው እርስ በርሱ የሚገጥመው፤ ሲደርቅ ይሸሻል። አንደኛው ሳንቃ ደግሞ በእሳቱ ግለት ርዝመቱን ሁሉ ተሰንጥቋል። «አሳ የሚሸጠው በጾም ነው፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ካልቀዘፍን ዘንድሮ ሥራ የለም። እኔም ወደ ቤቴ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው» አለኝ። ማልቀስ አማረኝ። ለአባቴ ልንገረው ብዬ ወደ ቤት ስነሣ ግን እጄን ያዘኝ። «በሞቴ! ለአባትህ እንዳትናገር። እሳቸውን ከማሳፍር ጀልባዋ ትቅርብኝ።»

ተደብቀን ሥራ ጀመርን። ጀልባዋን በድንጋይ ሞልተን ዳር ላይ አሰጠምናት፤ በየሁለት ቀኑ እያወጣን እናያታለን። ስንጥቁንና ያልገጠመውን ቦታ መድፈን ነበረብን። ጋሽ ገመዳ ጥጥ ፈለገ፤ በእኛ ደጋ ጥጥ ከየት ይመጣል? ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ተነሥታ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ልታሠራበት የፈተለችውን የበግ ጸጉር ክር አወጣች። ጋሽ ገመዳ ክሩን ሬንጅ ውስጥ እየነከረ በሳንቃዎቹ መካከል በመዶሻና በደንዳና ብረት ቀስ አድርጎ ጠቀጠቀው። አጥብቆ መምታት ክልክል ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ ክሩ የሚሄድበት ካጣ ሳንቃውን ይፈነቅለዋል። አባቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ስንት ያዛችሁ?» ይለኛል። «መረቡን እየጠገንን ነው» እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ዋሸሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ልንሞክራት ስናዘጋጅ፣ አባቴ በርኖሱን ደርቦ፣ ጠበል በኮዳ ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየነው። ሥራችንን ሊባርክ ነው የመጣው። ጸሎት አደረሰ፣ ጠበሉን ረጨ፣ ከዚያ የፈራነውን ተናገረ። «እስቲ እኔም ልግባባት። ያን ያህል ጠብቄያት ሳልቀመጥባት!»

ጉድ ፈላ። እምቢ እንዴት ይባላል? ጋሽ ገመዳ ደግፎ መሀል ላይ አስቀመጠው። እሱ ይቀዝፋል፣ እኔ ከኋላ ጣሳ ደብቄ ይዣለሁ። ከዳር ትንሽ እንደራቅን ውሃው በአንድ ጎን መንጠባጠብ ጀመረ፤ ቀጥሎ እየሮጠ ገባ። ቀድቼ ቀድቼ ባፈስስም የአባቴ ጫማ ራሰ።

«ይህ ከየት ነው?» አለ።

«ጀልባ ሁሉ ትንሽ ውሃ ይጠጣል፣ አባ» አለው ጋሽ ገመዳ ቀና ሳይል።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ውሃው የሚገባበትን በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ክሩ ላይ ቆመ። የሚስቱን ፈትል የማያውቅ ባል የለም። ከሬንጁ ሥር ያለውን ክር አየ፣ የተሰነጠቀውን ሳንቃ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ጋሽ ገመዳ ጀርባውን ሰጥቶን ይቀዝፋል። ምንም አላየም።

«ጣሳውን አምጣ» አለኝ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። እስክንመለስ ድረስ ጥምጥሙ እየተዛነፈ ውሃውን ሲቀዳ መጣ። ዳር ስንወጣ ጋሽ ገመዳን «እግዜር ያክብርህ» ብሎት ብቻ ዳገቱን ወጣ። ማታ ስንት ያዛችሁ ብሎ አልጠየቀኝም።

ጀልባዋ በሳምንት ውስጥ አብጣ ገጠመች። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መረብ ጣልን፤ እኔም ባልደረባ ተባልኩ። በጋው በሰላም አለፈና ሰኔ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ገመዳ ሊሰናበት ቤታችን ገባ። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ አወራ፤ ስለ ጀልባዋ አንዲት ቃል አልወጣውም። አምና የተናገረውን ቢደግመው አባቴን መውቀስ ሊሆንበት ነው። አባቴም አልጠየቀም። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። ነገ አባቴ ደቦ ቢጠራ ምን እላለሁ?

ጠዋት ስነሣ አባቴ ቤት የለም። ዶፍ ይጥላል። ወደ ግድቡ ሮጥኩ። ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ ከዳር ድንጋይ እያነሣ አንድ በአንድ ጀልባዋ ውስጥ ያስቀምጣል። ግማሿ ሰምጣለች። ገብቼ ድንጋይ ማቀበል ጀመርኩ። አንዱን ጣል አድርጌ ሳስቀምጠው፣ «ቀስ! ሳንቃዋን እንዳታሳምማት» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ዝናቡ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። ስትሰጥም አማተበባት። አብረን ዳገቱን ወጣን።

ስለዚያ ነገር እሱም እኔም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተነጋገርንም። እኛ እሱን አከበርን ብለን ደበቅነው፤ እሱ ደግሞ እኛን አከበረና ማወቁን ደበቀን። ያኔ ትልቅ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እሱ ያን ቀን ከነበረበት ዕድሜ አልፌ ሳስበው ያንገበግበኛል። ይቅርታ ልጠይቅ ቢል ለማን ይበል? እኛ ምንም እንዳልሆነ ነግረነዋል።

ወረቀቱን ጨርሼ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። አንደኛው አንብቦ ሳቀ። «አባባ፣ ‹ክረምት ሲገባ ጀልባዋን አስጥሟት› ብለዋል፤ ተሳስተው ነው አይደል?»

«አልተሳሳትኩም። ቁጭ በሉ» አልኳቸውና ይህን ከላይ ያወራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ብንነግርህ እኮ ትችለው ነበር፣ አባዬ።