ያላበው መስኮት

ፍኖተ ሰላም የተከራየነው ቤት በሰፈሩ ብቸኛው ባለ መስታወት ቤት ነበር። ያን ጊዜ በየስብሰባው ልማት ልማት ይባላል፤ ለባለቤቴ ልማት ማለት ያቺ መስታወት ነበረች። መንገድ ማዶ ቆሞ ሲያያት አገር የገዛ ይመስለዋል።

የመጀመሪያ ልጄን በሐምሌ ወለድኩ። አማቴ ሊያርሱኝ ከማንኩሳ መጡና ገና ሳይቀመጡ መስኮቱን ዳበሱት።

«የአራስ ቤት እንዲህ ይነፍሳል?» አሉ።

ልጃቸው ወዲያው አሮጌ ጨርቅ ቀዳዶ ክፍተቱን ሁሉ ጠቀጠቀ፤ መስኮቱንም በምስማር መታው። ከዚያ በኋላ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ገንፎ ይገነፋል፣ ውሃ ይፈላል፣ ደጅ ዝናብ ስለሆነ የልጄ ጨርቅም እዚያው ይሰጣል።

መስኮቱ ያልበው ጀመር። ውሃው ወርዶ ግድግዳውን አራሰው፤ ከራስጌዬ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። የልጄ ደረት ሲር ሲር ማለት ጀመረ። መስኮቱ ይከፈት ብል እናትና ልጅ ተያዩ።

«አንች ልጅ፣ ንፋስ ከመታሽ ማን ሊያድንሽ ነው?» አሉኝ አማቴ።

እሳቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ አልፈርድባቸውም። የናቅሁት እሱን ነው። ሳይንስ አስተማሪ ነው! እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል እያለ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲስል የከረመ ሰው፣ የቤቱን መስታወት በፎጣ ይጠርግና «የግድግዳው ሲሚንቶ ገና እየደረቀ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ጡቴን ለቃ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ምስማር መንቀያ ከየት ላምጣ? የገንፎውን ማማሰያ አንስቼ መስታወቱን መታሁት። ዝናብ ዝናብ የሚል ንፋስ ገባ፤ ልጄ ጮኻ አለቀሰች። አማቴ በስመ አብ እያሉ በጋቢያቸው ሸፈኑን።

ባለቤቴ ከስብሰባ ሲመለስ በአልጋው አጠገብ አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«መስታወቱን!» አለ።

በልጄ ክርስትና ቀን እንግዶች መስኮቱን ምን ነካው ብለው ጠየቁት። «በረዶ ነው» አላቸው። ስብርባሪው ሁሉ ከደጅ አጥሩ ሥር ነው የወደቀው። ከቤት ወደ ደጅ የሚዘንብ በረዶ! ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ ያለ ድምፅ ትተነፍስ ነበር። ደረቷ እንዴት ሆነ ብሎ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም።