የአቶ አይነካም መስኮት

የአሮጌው ሰፈር ሰው «አቶ አይነካም» ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ ሥራዬ ነው፤ የጥንቱ ከተማ ክፍል እንዳይፈርስ፣ እንዳይቀየር፣ እንዳይቀባ የምከታተል የቅርስ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። አንዲት ሴትዮ በሯን አረንጓዴ ልትቀባ ባልዲ ይዛ ስትወጣ ካየሁ፣ ገና ብሩሹን ሳትነክር ደርሼ «አይነካም!» እላለሁ። ስብሰባ ላይ ደግሞ «ከተማ ማለት ድንጋዩ ሳይሆን ነዋሪው ነው» እያልኩ አስጨበጭባለሁ። አፍ ሲታደል ከፊት ተሰልፌ ነበር መሰለኝ።

የምኖረውም እዚያው ሰፈር፣ ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ነው። አማቴ የሚተኙበት ክፍል መስኮት እንጨቱ በስብሶ፣ ነፋሱ እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ይገባል። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል።

«ዝናቡ ሳይገባ ወይ አሉሚኒየም አስገባ፣ ወይ እናቴን ይዤ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አለች ባለቤቴ። ወንድሟ አዲሱ ሰፈር ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው።

«አሉሚኒየም ክልክል ነው። አሮጌ መስኮት ይጠገናል እንጂ አይቀየርም።»

«ማነው የከለከለው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ጠግነዋ!»

ለስንቱ ሰው «ይጠገናል፣ ምን ችግር አለው» ስል ኖሬያለሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ። መዶሻ አንስቼ አንድ ሚስማር ብመታ መቃኑ እጄ ላይ ቀረ። ቀዳዳውን በሰማያዊ ላስቲክ ሸፈንኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግድግዳዬ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ «ላስቲኩን በአስቸኳይ ያንሱ» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔው ነው፤ ቀድሜ ፈርሜ ለረዳቴ ከሰጠሁት ክምር ላይ የተነሳ። አማቴ አልጋቸው ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እንዲህ ያለ መስኮት የሚጠግን አንድ አናጢ ሰፈራችን ነበር። ነበር ያልኩት እኔው ስላባረርኩት ነው፤ ከሱቁ በር ላይ ያስረዘመው ቆርቆሮ የመንገዱን መልክ አበላሸ ብዬ። ከተማው ዳር ድረስ ሄጄ አገኘሁት።

«አቶ አይነካም! ምን እግር ጣለዎት?»

«መስኮት ተሰብሮብኝ...»

«ማን ነካው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ኮስተር አለ። «ለአንድ መስኮት ብዬ ዕቃዬን ተሸክሜ አልመላለስም። ሱቄን ከመለሱልኝ ግን የሰፈሩን ሁሉ እሠራለሁ።»

የሱቁን ፈቃድ ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ለካ የኛ መሥሪያ ቤት ሰው እንዲህ ነው የሚያመላልሰው! ዝናቡ ግን ፈቃድ አልጠበቀም። አማቴን ደግፌ ታክሲ ውስጥ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ቤቱን ብቻ እንዳትነካው» አሉኝ። ባለቤቴም ሻንጣዋን ይዛ ከጎናቸው ገባች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፈቃዱ የተገኘው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። አናጢው ተመልሶ መስኮቱን አሳምሮ ሠራልኝ፤ አሁን እንኳን ነፋስ ወሬም አያስገባም። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ደወልኩላት።

«እናቴ እዚህ በሊፍት እየወረደች ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጎረቤትም አግኝታለች» አለችኝ። «እዚያ ማን ቀረ?»

ልመልስላት ብዬ መንገዱን በዓይኔ ዞርኩት። የባለ ባልዲዋ ሴትዮ ቤት ተቆልፏል፤ በሩ ግን አልተነካም። ከፊት ለፊት ያለውም ተቆልፏል። «እስቲ መልሼ ልደውል» አልኳት።

የአማቴ ሳል ይናፍቀኛል ብሎ ማን አሰበ? ትናንት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሁለት ጎብኚዎች መስኮቱ ሥር ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። አንዷ መዝጊያውን ልትዳስስ እጇን ስትሰድ፣ ልማድ ሆኖብኝ በረገድ አድርጌ ከፈትኩና «አይነካም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ውይ፣ ይቅርታ!» አለች ደንግጣ። «ሰው የሚኖርበት አልመሰለንም።»

«እኔም አልመሰለኝም» አልኳት።