ለእናቴ የመረጥሁላት ዶሮ

ለገና በዓል ሃያ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችን የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እናቴ፤ ከበሩ ውስጥ ከገብሱ ጎታ አጠገብ ቆማለች። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፤ ገበያ ልትሄድ ነጠላዋን አጣፍታ ደጁ ላይ ናት። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ፤ ምንም ጉዳይ የላትም፣ ለማየት ነው የመጣችው። የልማት ሠራተኛው፤ እንቁላል ለመጣል የደረሱ አምስት የፈረንጅ ዶሮዎች በካርቶን ይዞ ከላሊበላ በባጃጅ መጥቷል፤ መንገዱ ካለቀበት ጀምሮ ግን ተሸክሟቸው ነው የወጣው። አምስተኛው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ከተቀመጥሁ ወዲህ ስለ ዶሮ የተማርሁት ብቻዬን ነው። ሽፋኗ የተገነጠለ አንዲት የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ነበረችኝ። የጎደሉትን ገጾች ዶሮዎቹን እያየሁ ሞላኋቸው። የትኛዋ ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ እንደምትጮህ፣ የትኛዋ ጫጩቶቿን ረግጣ እንደምትገድል፣ የትኛዋ ታቅፋ ሳትጨርስ እንደምትነሳ በደብተር እጽፍ ነበር። እያደር ዶሮ ሊገዛ ያሰበ ሰው እኔን መጠየቅ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከዶሮዋ በፊት ሰውየውን ማየት እንደሚያስፈልግ ገባኝ። አሸተን ማርያም የሚያገለግሉ አንድ አዛውንት ቄስ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ስለሚውሉ ጥሬ መበተን ይረሳሉ። ለእሳቸው ራሷ ጭራ የምታድር የሐበሻ ዶሮ ፈለግሁ። «ልጄ፣ ቀለሟ ሰው የማያናግር ይሁን» አሉኝ። ጠንቋይ የሚያዘው ጥቁርና ገብስማ ነው ስለሚባል፣ ቀይ አመጣሁላቸው። የጠላ ሻጯ ቤት ደግሞ ሰው አይለየውም፤ ደንባራ ዶሮ ስትበር ጠላውን ትደፋባታለች። ረጋ ያለች፣ አንገተ መላጣ፣ ዓመት እስከ ዓመት የማትታቀፍ መረጥሁላት።

«አንተ፣ ዶሮ ይህን ያህል ካወቅህ ባልስ ብትመርጥልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«በቀን ስንት ሰዓት ታይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። የምሬን ነበር። ጠጪው ሁሉ ሳቀብኝ።

እናቴንም እንደማንኛውም ሰው ጠየቅኋት። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው፤ ዶሮዋ ለምን ትፈለጋለች፣ በቀን ምን ያህል ትታያለች፣ ምኗ ያናድዳል። ለመጀመሪያው «ለእንቁላል» አለች። ለሁለተኛው «ቤት አይደለሁ? ስታየኝ ትውላለች» አለች።

«ምኗስ ያናድድሻል፣ እማ?»

«መታቀፏ ነዋ! ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል የለ፣ ምን የለ፣ እንደ አራስ ተቀምጣ መቀለብ!»

ስቃ ነው ያለችው። እኔ ጻፍሁት።

የተናገረችው ስለ ባለ ቁንጮዋ ነው። ላባዋ እንደ ገብስ ነጭና ግራጫ የተቀላቀለባት፣ አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት ገብስማ ዶሮ ነበረች። ዘሯ የእህቴ ነው። እህቴ ለይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ሄዳ ስትመለስ አንዲት ባለ ቁንጮ ጫጩት ከዘመድ ቤት በነጠላዋ ቋጥራ አምጥታ አሳደገች። ስትዳር ለእናቴ ትታት ሄደች። በዓመቱ በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ደብተሬ ላይ የእህቴን ዶሮ ሸለምጥማጥ እንደበላት፣ የዚያች ልጅ በፈንግል በሽታ እንደሞተች፣ ይቺ ሦስተኛ ትውልድ እንደሆነች ተጽፏል። በእኔ ቁጥር የእህቴ ዶሮ ከጠፋች አራት ዓመት ሆኗታል።

የልማት ሠራተኛው ደብተሬን አይቶ «አንተን ሞዴል ነው የምናደርግህ» አለኝ። የፈረንጆቹ ዶሮዎች የሚሰጡት ግን በሽታ እንዳይዛመት፣ ዘርም እንዳይቀላቀል፣ የሐበሻ ዶሮዎች ከነአውራቸው ከግቢ ከወጡ ብቻ ነው። ተስማማሁ። ስሜ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲጠራ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ ባለ ቁንጮዋን፣ ሌላ አንዲት መጣል ያቆመች ዶሮና አውራውን እኔ ራሴ ይዤ እግራቸውን በገመድ አሰርሁ። አክስቴ ቁልቁል አንጠልጥላ ተነሳች። «ሆቴሎቹ ለገና ዶሮ እየለቀሙ ነው፤ ሳይረፍድ ልድረስ» አለች። ጠላ ሻጯ አዲሶቹን በካርቶኑ ቀዳዳ አየት አድርጋ «እንግዲህ የፈረንጅ ምራት አገባችሁ፤ ልጅ ማቀፍ የማታውቅ!» ብላ አሳቀችን። እኔ መኖውን በጣሳ እየለካሁ ነበር። በዚህ መካከል እናቴ ከጎታው አጠገብ አንድ ነገር ተናገረች። የልማት ሠራተኛው ወደ እሷ ዞሮ «ምን አሉ፣ እናቴ?» አላት። መለሰችለት። እኔ ስንተኛው ጣሳ ላይ እንደደረስሁ እንዳይጠፋኝ ብዬ ቀና አላልሁም።

አዲሶቹ መጽሐፏ እንዳለችው ሆኑ። ሳምንት ሳይሞላቸው መጣል ጀመሩ። እናቴ እየለቀመች «ጎበዞች ናቸው» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ከእነሱ አንዷን ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት አስቀምጣ ጀርባዋን ስትደባብስ አገኘኋት። ዶሮዋ ዘላ ወጣች።

«እማ፣ እነዚህ አይታቀፉም አላልሁሽም?»

«ትለምድ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሳቅሁ።

ገና ካለፈ በሦስተኛው ቀን ገብስ ልቀዳ ጎታው ውስጥ እጄን ስሰድ እንቁላል ነካሁ። ዘጠኝ ናቸው፤ ትንንሽና ነጣ ያሉ። የአዲሶቹ ትልልቅና ቡናማ ስለሆነ የባለ ቁንጮዋ መሆናቸውን አወቅሁ። ለጾም መፍቻ ተቀምጠው የተረሱ መሰለኝና እናቴን ጠራኋት።

«ለማስታቀፍ ናቸው» አለች። «የጎረቤታችን መላጣ እስክትታቀፍ እየጠበቅሁ ነው።»

ያቺን መላጣ የመረጥኋት ስለማትታቀፍ ነበር።

«የመጨረሻው መቼ ነው የተጣለ?»

«ልትሄድ ዋዜማ። ዓርብ።»

ቆጠርሁ። «ሃያ አራት ቀኑ ነው፣ እማ። አሥራ አራት ቀን ካለፈው አይፈለፈልም።»

«አንዱም?»

«አንዱም።»

«ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ ነው» አልኋት። ገጹንም ላሳያት መጽሐፏን ላነሳ ነበር።

«እሺ» አለች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ገብሱ መልሳ ላዩን በመዳፏ አስተካከለችው።

በማግስቱ ይህንኑ ለአክስቴ እንደ ተራ ወሬ ነገርኋት።

«አንተ አታውቅም እንዴ?»

እህቴ ስትዳር ዶሮዋን ለእናቴ ስትሰጣት «እማ፣ አደራሽን፣ ዘሯ እንዳይጠፋ። ስወልድ የአራስ እንቁላሌን ከእሷ ነው የምታመጪልኝ» ብላታለች። ምጥ እንደያዛት ሲሰማ እናቴ እንቁላሉን በጭድ ጠቅልላ ዳገቱን ወጣች። መንገድ ላይ መርዶ ሊያረዱ የሚወርዱ ሰዎች አገኟት። እንቁላሉን እንደያዘች ተመለሰችና ሐዘኑ ሲበተን ያችኑ ዶሮ አስታቀፈቻት።

«ከዚያ ወዲህ ያያችኋቸው ባለ ቁንጮዎች ሁሉ ከዚያ እንቁላል ናቸው» አለችኝ አክስቴ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ልጄ ከትምህርቱ ከወጣ ወዲህ ሰው ስሙን ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በአንዲት ዶሮ አላሰናክለውም አለች። እኔንም አስማለችኝ።»

ያኔውኑ ወደ ከተማ ወረድሁ። አክስቴ ዶሮዎቹን የሸጠችበት ሆቴል ጓሮ ውስጥ አንዲት ወጥ ሠሪ ድስት ታጥባለች። ቁንጮ ያላት ገብስማ እንደምፈልግ ነገርኋት።

«ወንድሜ፣ የገናን ዶሮ በማን ሆድ ውስጥ ልፈልግልህ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ እጇን ከድስቱ አወጣች። «የሰው አደራ ነበረች እንዴ?»

«ነበረች» አልኋት።

ከዚያ በኋላ ስንት ገበያ እንደዞርሁ ጽፌዋለሁ፤ አሥራ አንድ ነው። በመጨረሻ ባለ ቁንጮ ገብስማ አገኘሁና አመጣሁላት። ይዛ አገላብጣ አየቻት። «ቆንጆ ናት» አለች። «ይቺ እንግዲህ ያንተ ናት።» ጥሩ አድርጋም ቀለበቻት። ስለዚያችኛዋ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ያን ቅዳሜ ከጎታው አጠገብ ምን እንዳለች ልጠይቃት እያልሁ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታማ ዐረፈች።

ያን ቅዳሜ አብራችሁን የነበራችሁ፣ እኔ የያዝሁት ይህን ያህል ነው። አክስቴ፣ «ቁልቁል አታንጠልጥያት አለችኝ መሰለኝ» ብለሽኝ ነበር፤ በሌላ ቀን ደግሞ ምንም አላለችም አልሽ። ይህን የሚያነብልሽ ሰው ስታገኚ ደግመሽ አስቢ። ጎረቤታችን እትዬ፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ ብለሽኛል፤ ያየሽው ከመሳቃችን በፊት ነው ወይስ በኋላ? የልማት ሠራተኛው፣ ወደየትኛው ወረዳ እንደተዛወርህ አላውቅም። ቀና ብለህ የጠየቅሃት አንተ ነህ፤ የመለሰችውም ለአንተ ነው። ቃሉ ባይያዝልህ እንኳ እሷ ስትናገር ባለ ቁንጮዋን ታይ እንደነበር፣ ወይስ እኔን፣ እሱን ንገረኝ።