የነፋስ መኪናው ቦታ

ባለቤቴ የሚያወራው እሳት ፊት ሲቀመጥ ብቻ ነበር። ከምድጃው ከተነሳ አፉ ይዘጋል፤ ቤት ገብቶ እናቱ ፊት ከተቀመጠማ «ውሃ ስጪኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። በአማቴ ፊት ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ባሌን «አንቱ» እያልኩ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። የአገራችን ወግ እንዲያ ነበር። ከባሏ ጋር በአማቷ ፊት የምትጫወት ሴት ዐይን አውጣ ትባላለች። ሦስት ዓመት በትዳር ቆይቼም በአማቴ ዘንድ ገና ትናንት የገባሁ ሙሽራ ነበርኩ።

የማወራው ጣሊያን ከመምጣቱ ስድስት ሰባት ዓመት በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። ዛሬ ናዝሬት የምትሏት ከተማ ያኔ አዳማ ብቻ ነበረች፤ የባቡር ጣቢያው፣ የዐረቦቹና የግሪኮቹ ሱቆች፣ እዚህም እዚያም የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። እኛ ከመንዝ ነው የወረድነው፤ ባሌ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በአገራችን ቀጥቃጭ ማረሻ ይሥራ እንጂ ማዕድ አያስጠጉትም፤ ቡዳ ነው ይሉታል። ባቡር በሚያልፍበት አገር ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም ሲባል ባሌ ሰማና፣ ፋሲካን እንደዋልን እናቱንና እኔን ይዞ አዳማ ገባ። ከግቢያችን ጥግ መቀጥቀጫ ቤቱን አቆመ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የላምባ ጣሳ ተተርትሮ የተዘረጋ ቆርቆሮ ነበር።

በመንዝም ሆነ በአዳማ ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እጄ፤ አንዱን ሳነሳ ሌላውን ስጫን እሳቱ ይቀላል። የምቀመጠው ከእሱ ግራ ጎን፣ መዶሻውን ሲያነሳ ላቡ በሚረጨኝ ቦታ ነው። እዚያ «አንቱ» ብሎ ነገር የለም። ወናፍ ድምፁ ትንሽ ነው፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ቢያህል ነው። ስለዚህ ብረቱ እስኪግል ድረስ ያወራል፤ ሲግል ዝም ብሎ ይቀጠቅጣል፤ መልሶ እሳት ውስጥ ሲከተው ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ስለ ፈረንጆቹ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስላየው ሕልም ያወራኛል። አንድ ቀን በባቡር ድሬዳዋ እወስድሻለሁ ይለኛል፤ እናትህን ለማን ትተን እለዋለሁ፤ እንስቃለን። ጭሱ ሳል አስይዞኝ ነበር፤ ግን ማን ለሳል ደንታ አለው። ከዚያ ቦታ በቀር ሰው ሆኜ የምውልበት ቦታ አልነበረኝም።

ሐምሌ ላይ የነፋስ መኪናው መጣ። ለባቡሩ ሠራተኞች መሣሪያ ስንስልላቸው ከባሌ ጋር የተወዳጀ አንድ ግሪክ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአሮጌ ብረት መሃል አንስቶ ይሁንህ ብሎ ሰጠው። ቀንድ አውጣ የመሰለ የብረት ሆድ አለው። በጎኑ ያለው እጀታ ሲዞር ጥርሶቹ ይያያዙና ጠፍሩ ይጎተታል፤ በሆዱ ውስጥ ያሉት ክንፎች ይሽከረከራሉ፤ በአፉ በኩል ነፋስ ይወጣል። ባሌ ሳምንት ሙሉ ፈታትቶ በላምባ አጠበው። ሊሞክረው አንዴ ቢያዞረው የምድጃውን አመድ በሙሉ አንስቶ በአማቴ ነጠላ ላይ አራገፈው። አማቴ አማተቡ። እሱ ግን እንደዚያ ቀን ጥርሱ ሲታይ አይቼ አላውቅም።

የት ይተከል የሚለው ነገር የተነሳው ምሳ ላይ ነው። እነሱ ይበላሉ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ባሌ ለእናቱ እያስረዳ፣ ከምሥራቁ ግድግዳ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቢተከል ይሻላል አለ። ነፋሱ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ በዝዋይ በኩል ነው፤ ከምሥራቅ በኩል ግን ግድግዳው ይከልለዋል፤ አቧራም ዝናብም አያገኘውም፤ ውስጡም ይሰፋልናል። አማቴ የሚተኙበት ቤት በምዕራብ በኩል ነበርና፣ ጆሮዬ ደህና ሳለ ይራቅልኝ ብለው ወዲያው ተስማሙ።

እኔ አፌ አላርፍ አለ። ድስት የማስቀምጥ መስዬ ጠጋ አልኩና፣ ወደ ምድጃው የሚሄደው ቱቦ ከረዘመ ነፋሱ አይደክምም ወይ አልኩ። ሁለት ክንድ አይሞላም አለ። ዝናብ ቢያበላሸውስ አልኩ፤ ክዳን እሠራለታለሁ አለ። ሌላ ሳጣ፣ ጠፍሩን ጅብ ይበላዋል አልኩ። ሲመሽ ሲመሽ ጠፍሩን ፈትቼ አስገባዋለሁ አለኝ፤ ለሁሉም መልስ አለው። አማቴ ቀና ብለው፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ስለ ብረት ማወቅ የጀመርሽው ቢሉኝ አንገቴን ደፋሁ። የልቤን እንዴት ልናገር? መኪናው ከወጣ አዟሪዋም ትወጣለች። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ከሄድኩ ባሌን የማገኘው የት ነው? ይህ በአማት ፊት የሚነገር ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ባሌ ጉድጓዱን ቆፍሮ ለመትከያው የሚሆን ጉቶ ፍለጋ ሄደ። ከጓሯችን ወዲያ ከብት የሚያረቡ አንድ ኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ፤ ላሞቻቸውን ነድተው ሲያልፉ የተቆፈረውን ጉድጓድ አዩና ቆሙ። ምን እንደሚተከል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ነፋስ እንግዳ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱ ጥቅምት ላይ ከምሥራቅ፣ በወለንጪቲ በኩል ይመጣል። ግራሩን አታዪም?»

ግራሩን አየሁ። በሜዳው ላይ ያለው ግራር ሁሉ ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል። እኛ የደጋ ሰዎች፣ ያቺን አገር በክረምት ብቻ ያየን፣ የዓመቱን ነፋስ በሐምሌ ነፋስ ለክተን ጉድጓድ ቆፍረናል። ለባሌ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ይትከለው፤ ጥቅምት ይምጣና አቧራው መኪናውን ያስቸግረው፤ ያኔ ነቅሎ ያስገባዋል፣ እኔም ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ዝንብ ባይገባም መዘዝ እንደሚገባ ያኔ አላወቅሁም።

ነሐሴ ላይ ተተከለ። ባሌ የግራር ጉቶውን ቀበረ፣ መኪናውን በአራት ብሎን አሰረው፣ ግድግዳውን በስቶ ቱቦውን ከምድጃው አገናኘው። መነጋገሪያችን መስፉ ሆነ፤ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ በመዶሻ አንዴ ሲመታ አዞራለሁ፣ ሁለቴ ሲመታ አቆማለሁ። ሳሌ ተሻለኝ፤ እሱን አልክድም። ግን ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ላሞችና የባቡር ጭስ እያየሁ እጀታ ሳዞር፣ ባሏ የሞተባት ሴት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ሁለት ክንድ ከእኔ ርቆ ይቀጠቅጣል፣ እኔ ናፍቆት ይዞኛል። ማታ ቤት ስንገባ አማቴ አሉ፤ እሱ ውሃ ይጠይቃል፣ እኔ እሰጣለሁ። ከመኪናው ጋር ያልተጣላሁበት ቀን የለም።

ጥቅምት ሲገባ ነፋሱ ዞረ። ሽማግሌው እንዳሉት በወለንጪቲ በኩል መጣ፤ አቧራውን እየጠረገ በቀጥታ መኪናው ላይ ያፈሰዋል። አጨዳ እየደረሰ ነበርና ገበሬው ከሁሩታ በኩል ሳይቀር ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ባሌ መኪናውን ነቅሎ ለማዛወር ጊዜ አጣ። ጆንያ ጋረደበትና ሥራው ቀጠለ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ይህ ነፋስ በቀላሉ እንደማይሄድ ልንገረው እልና አፌ ይያዛል፤ አሁን ብነግረው እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይለኛላ።

በአራተኛው ቀን እጀታው ከበደኝ። ቱቦው አሸዋ ጠጥቶ ታፍኖ ኖሯል። እሳቱ ሲደክምበት ባሌ ምን ሆነ ብሎ ወደ ምድጃው አጎንብሷል፤ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ይህን አላይም። አንዴ የመምታቱን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ሁለቴ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ባለ በሌለ ጉልበቴ አዞርኩት። የታፈነው በአንድ ጊዜ ተከፈተ። አሸዋውና ፍሙ ፊቱ ላይ ወጣ። እናቱን ሲጠራ ሰማሁ።

ሁለቱም ዐይኖቹ በጨርቅ ታሰሩ። የሽማግሌው ምራት አራስ ነበረችና ጠዋትና ማታ እየመጣች ጡቷን ታልብለታለች፤ ለተቃጠለ ዐይን የሚታወቀው መድኃኒት ያ ነው። ቀጥቃጭ የሚሠራው የብረቱን ቀለም አይቶ ነው፤ መቼ ቀላ፣ መቼ ነጣ፣ መቼ ይመታል የሚለውን የሚነግረው ዐይኑ ነው። ዐይኑ ከጠፋ ሦስታችንም ለማኞች ነን።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ሊጠይቁት መጡ። ክፋት የለባቸውም፤ እያዘኑ፣ እኔ እኮ ነፋሱ እንደሚዞር ለኢንተላ ነግሬያት ነበር አሉ። አማቴ የሚፈትሉበትን እንዝርት ያዝ አደረጉት። ባሌ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ዐይኑ ታስሮም የቆምኩበትን ያውቃል።

«ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ረሳሁት ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ያንን የታሰረ ፊት እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። «ወደ ውስጥ ታስገባዋለህ ብዬ ነው» አልኩ። «ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን አላወራኸኝም።»

ይህን ሁሉ ያልኩት በአማቴ ፊት ነው፤ ያውም እንግዳ ባለበት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አማቴ እንዝርቱን አስቀመጡ። ምርኩዛቸውን ሲያነሱ ሊመቱኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ይህችን ለመናገር የልጄ ዐይን መታሰር ነበረበት?» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ? ሳሏ አሳዘነኝ፣ ከጭሱ ላውጣት ብለህ ለእኔ ስትነግረኝ፣ ለእሷ ብትነግራት ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስለ አቧራ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቱቦ ርዝመት ያ ሁሉ ሲወራ ስለ ሳሌ የተነሳ ነገር አልነበረም። ባሌ አንገቱን ደፋ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከጥፋቴ ይልቅ ያስለቀሰኝ ያ የደፋው አንገት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጨርቁ ተፈታ። ግራ ዐይኑ ደህና ሆነ፤ ቀኙ ያያል፣ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እስኪሞት ድረስ ያነባ ነበር። እንባውን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ ባየሁ ቁጥር ጥፋቴ ይቆረቁረኛል። የመኪናውን አዲስ ቦታ ያሳዩን አማቴ ናቸው። እግራቸውን አስገብተውበት የማያውቁትን መቀጥቀጫ ቤት ገብተው፣ ድሮ ወናፉ የነበረበትን የግራ ጎን በምርኩዛቸው ወጋ አደረጉና፣ እዚህ ይተከል፣ ጭሱ እንዲወጣላት ደግሞ ግድግዳውን ከላይ ቅደድላት አሉ። ስለ ጆሯቸው ያነሱት ነገር የለም።

መኪናው ገባ፣ እኔም ገባሁ። የመጀመሪያው ጠዋት ሰርጌ መስሎኝ ነበር። እጀታውን ባዞረው፣ ያ ከውጭ ሆኖ የማላስተውለው የጥርስ ጩኸት በጠባቧ ቤት ውስጥ ወፍጮ ሆነ። ባሌ አፉን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፣ የሚለው አይሰማኝም። እኔም እጮሃለሁ፣ አይሰማውም። ወናፍ መኪና እንዳልሆነ እንዴት እንዳላሰብኩ ገረመኝ። ለዚህ ነው የሰው ዐይን ያቃጠልኩት ብዬ እንባዬ መጣ፤ እጄ ግን ማዞሩን አላቆመም፣ ብረቱ እየጋለ ነበርና።

ባሌ የጋለውን ማጭድ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ አኖረው። መዶሻውን አላነሳም። መዳፉን ዘርግቶ አቁሚ አለኝ፤ አቆምኩ። ጸጥታው ሲመጣ፣ የዛሬው ባቡር ዘገየ አይደል አለኝ። አዎ ዘገየ አልኩት። ቀጥሎ ስለ አንድ የአርሲ ገበሬና ስለ በቅሎው ረጅም ወሬ ጀመረ። እኔ ዐይኔ ከማጭዱ አልተነሳም፤ ቀይነቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ጭራሽ ከሰለ። ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለውን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ በመንዝ ሳለን ባሌ በወሬ ብረት ሲያቀዘቅዝ አይቼው አላውቅም።

«ቀዘቀዘብህ እኮ» አልኩት።

«ይቀዝቅዝ» አለኝ። «አንቺ እዚህ ካለሽ መልሶ ይግላል።»

የበቅሎውን ወሬ እስኪጨርስ ድረስ እጀታውን አልነካሁትም።