ሲስተር ፀደይ ያሰለጠነችው ልጅ

ሲስተር ፀደይ ካሱ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ አርባ ምንጭ ተቀጠረች፤ በኋላም የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ጨመረችበት። ሙያው በከተማው ብርቅ ስለነበር ዘመዱ የታመመበት ሰው ሁሉ፣ «የእብዶቹ ሲስተር የታለች?» እያለ ያፈላልጋታል። ስሙን አትወደውም፤ ግን ተጠርታ ቀርታ አታውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ሕዝቡ ድንበር እያቋረጠ ወደ ጋምቤላ ሲጎርፍ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ወጣት ምሩቃንን አሰልጥኖ ወደ መጠለያ ጣቢያዎቹ ሊልክ ተነሳ። ሥራቸው ጦርነት ካየ ሕፃን ጋር መዋል ነው፤ ማጫወት፣ ማዳመጥ፣ የባነነውን ማረጋጋት። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ የምታሰለጥናቸው ፀደይ ሆነች።

ከሰልጣኞቹ አንዱ ዳግም ነበር፤ የዚያው ከተማ የሲቀላ ሰፈር ልጅ። በሳይኮሎጂ ተመርቆ ሥራ አጥቶ፣ እናቱ ወይዘሮ ውብአየሁ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባላቸው የሙዝ ማሳ ውሃ ሲያጠጣ ነበር የከረመው። የመጣው እንጀራ ፍለጋ መሆኑን አልደበቀም። ነገር ግን ለልምምድ ያህል ፀደይ እንደ ፈራ ሕፃን ጥግ ይዛ ኩርምት ስትል፣ ሌሎቹ የጥያቄ መዓት ሲያወርዱባት፣ እሱ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ በደረቀ የሙዝ ልጥ ኳስ መጠቅለል ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ምንም ሳይናገር የልጡን ጫፍ አቀበላት። ፀደይ ያን ቀን፣ «ይሄ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው» ብላ ለድርጅቱ ሰዎች ነገረቻቸው። መጀመሪያ ከተላኩት መሃል ሆነ።

ከሄደ ወራት አልፈው፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስልኳ ጮኸ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ዳግም። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበር፤ በሥልጠናው እንደተማረው ስሟን አልጠራም። ወላጆቿ ተገድለውባት ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ስትሸሽ ወንዝ ላይ ደረሰች። ከኋላ ተኩስ አለ። መሃል ስትደርስ ውሃው በረታባት፤ ሁለቱንም መያዝ አቃታት። አንዱን ለቀቀችው። ይህን ሁሉ አምቃ ኖራ፣ አንድ ቀን ጭቃ እያድቦለቦለች ሳለ ተናገረችው። አስተርጓሚው የገዛ አገሯ ሰው ነው፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወጥቶ ሄደ። ዳግም ቋንቋዋን እየለመደ ስለነበር የቀረውን ራሱ ሰማው።

«መጨረሻ ላይ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹የትኛውን መያዝ ነበረብኝ?› አለችኝ። በየቀኑ እየመጣች ትጠይቀኛለች፣ ሲስተር። ምን ልበላት?»

ፀደይ መንገድ ዳር ቆመች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በላት። ከዚያ ዝም ብለህ አብረሃት ተቀመጥ።»

«ብያታለሁ። ተቀምጫለሁም።»

«ጎበዝ። በርታ።»

ይህቺ «በርታ» በኋላ ክፉኛ ቆጨቻት። ስለ ልጅቷ ብዙ ጠየቀችው፤ ስለ እሱ ግን አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ዳግም ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ እሷም ሥራው ቢበዛበት ነው ብላ ተወችው።

በ2008 ክረምት መግቢያ ላይ ወይዘሮ ውብአየሁ ሲቀላ ገበያ መሃል አገኟትና ክንዷን አፈፍ አደረጉ።

«ልጄን ምን አድርገሽ ነው የመለስሽልኝ?»

«ዳግም መጥቷል እንዴ?»

«መጣ ከተባለ። ውሃ ፈራ፣ ሲስተር። ቦዩን ክፈትልኝ ስለው ይንቀጠቀጣል። የሰፈር ልጆች ኩልፎ ሊዋኙ ሲገቡ እየጮኸ ጎትቶ ያወጣቸዋል። ባለፈው አንዱ ትንሽ ወንድሙን አዝሎ ሊሻገር ሲል ደረሰበትና ሲጎትተው ክንዱን ሰበረው። ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል። ጠበል ብወስደው ውሃው ገና ሲነካው የጮኸው ጩኸት... ጋኔን ነው አሉኝ። ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለች ፀደይ። «ልየው፤ አሁኑኑ እንሂድ።»

ዳግም ጓዳ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። አጎንብሶ ሰላም አላት። አጠገቡ ተቀምጣ፣ «ልጅቷስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ይዛው የወጣችውን ወንድሟን ኩፍኝ ገደለባት» አለ። «ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ተወችው። ምንም ነገር መጠየቅ ተወች፣ ሲስተር። አንድ ማለዳ ዘመድ ነን ያሉ ሰዎች ወስደዋት ሄዱ። የት እንዳለች አላውቅም።»

ፀደይ መድኃኒት አስጀመረችው፤ በየሳምንቱም እየሄደች ታዋየው ነበር። ክንዱ የተሰበረውን ልጅ ቤተሰብ አብራው ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። እንቅልፉ በመጠኑ ተመለሰ፤ የወንዙን ድምፅ ግን ሊችለው አልቻለም። በመጨረሻ እናቱን ማሳው ላይ ትቶ ጨንቻ ወጣና ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ልትጠይቀው ስትሄድ ዱቄት ለብሶ፣ በሞተሩ ጩኸት መሃል ጆሮዋ ስር ተጠግቶ፣ «ይሄ ደህና ነው። ሌላ ነገር አያሰማም» አላት። ከሕፃናት ጋር ዳግመኛ አልሠራም።

ፀደይ ወደ ድርጅቱ ኃላፊ ወደ አቶ ሸዋንዳኝ ሄደች። ልጆቹን የሚያዳምጡትን ሠራተኞች ደግሞ የሚያዳምጣቸው ባለሙያ ይመደብ ስትል ጠየቀች።

«ሲስተር፣ ፕሮጀክቱ ለሕፃናቱ ነው» አላት። «ሠራተኛ ለማከም የተያዘ ነገር የለም።»

«እነዚህ ከወደቁ ሕፃናቱን ማን ያነሳቸዋል?»

«ሐሳብዎን ለአለቆቼ አቀርባለሁ።»

ያቅርብ አያቅርብ አልታወቀም፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። ሥልጠናውን ልተወው ብላ አስባም ነበር። እሷ ብትተወው ግን ወጣቶቹን ከመጽሐፍ እያነበበ የሚሸኝ ሌላ ሰው ይመጣል። እናም ቀጠለች። የላከቻቸውን ሁሉ በራሷ ስልክ እየደወለች ትከታተላቸው ጀመር፤ የባሰባቸውን፣ ድርጅቱ ቅር ቢለውም፣ ወደ ቤታቸው ታስመልሳለች።

በ2009 አዲስ ሰልጣኞች ሲመጡ፣ የዳግምን ፈቃድ ጠይቃ፣ ስሙን ሳትጠራ የደረሰበትን ሁሉ በመጀመሪያው ማለዳ ነገረቻቸው። አርሴማ የምትባል ገና የተመረቀች ልጅ እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ ይህን የሚነግሩን እንድንሄድ ነው ወይስ እንድንቀር?»

«እኔ እንጃ» አለች ፀደይ። «ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው።»

አርሴማ ለሻይ ሲወጡ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ፀደይም አልፈረደችባት። የቀሩት ገብተው ወንበራቸውን ያዙ፤ ሥልጠናው ቀጠለ።