የሰውአገኝ አረንጓዴ ውሃ

በላስታ፣ የኩልመስኳ ወይዘሮ አስቻለች በዕድሜያቸው ያልጠበቁት ነገር የለም፤ ከብት ጠብቀዋል፣ ጾም ጠብቀዋል፣ የሰው ገመና ጠብቀዋል። የበረት እጣቢ መጠበቅ ግን በስተርጅና የመጣባቸው ሥራ ነው።

ነገሩ የልጃቸው የሰውአገኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሲመለስ ከበረቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ላስቲክ አነጠፈበት፤ የከብቶቹ ሽንትና እጣቢ እንዲወርድበትም አደረገ። በዚያ ውስጥ አልጌ የሚባል፣ ከደቃቅነቱ የተነሣ ለዓይን የማይታይ ነገር አራባ። ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ። ዘይቱን ጨምቆ ነዳጅ ሊያደርገው ነው ሲባል መንደሩ ሳቀ፤ እናትየውም ሳቁ። አንድ ምሽት ግን በዚያው ዘይት ኩራዝ አበራላቸውና ሳቁን ተዉት።

ሰውአገኝ ሚስት ሳያገባ በጋሸና መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። የምርምር ባልደረባው ምስጋኑ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ "እማማ፣ ይህ ዘር የላስታን ውርጭ የቻለ ነው። ለይቶ ያወጣው እሱ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። የማራቢያ ክፍላችን ለተዝካሩ ይደርሳል፤ ያኔ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ብቻ እንዳይሞት" አላቸው።

እንዳይሞት ደከሙ። ጠዋትና ማታ በእንጨት ያማስሉታል፣ ውርጭ ሲወርድ በጆንያ ይሸፍኑታል። ሰው "ዘር ሳይተካ ሄደ" ሲላቸው በልባቸው ተክቷል ይላሉ። ያ የሚገማ ውሃ የልጅ ልጃቸው ነበር። የፈለገ ይሳቅ!

በተዝካሩ ዋዜማ ከንስሐ አባታቸው ከአባ ወልደ ሩፋኤል ጋር ሊነጋገሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በመንደሩ ደንብ የተዝካር ቤት ደጅ የሚያጸዳው ጎረቤት ነው፤ ሐዘንተኛ መጥረጊያ አይነካም። ሴቶቹ መጡ፣ ግቢውን ጠረጉ፣ ጉድጓዱንም አዩ፤ የምስጋኑን አደራ ግን አልሰሙም። ካህናት ከሚቀመጡበት ዳስ አጠገብ እንዲህ ያለ ውሃ! እየቀዱ ገደል ደፉት። ላስቲኩን በአመድ ፈተጉት። ከዚያም ከሩቅ ምንጭ በጀርባቸው እየተመላለሱ ንጹሕ ውሃ ሞሉበት።

ወይዘሮ አስቻለች ሲመለሱ ጎረቤታቸው ባንቺዓለም ጀርባዋ እንደራሰ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

"ይዩማ እትዬ! ተግማቱ ገላገልንዎ።"

የጉድጓዱ ወለል ወለል ብሎ ይታያል። ከጉድጓዱ አፍ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሴቶቹ ደግፈው፣ "ያልቅሱ፣ ይውጣልዎ" አሏቸው። ለሰውአገኝ ያለቀሱ መስሏቸው ነው፤ ደግሞም አልተሳሳቱም።

በማግስቱ ምስጋኑ ባዶ ጀሪካን ይዞ ለተዝካሩ መጣ። ጉድጓዱን አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ማን ነው የደፋው?"

ባንቺዓለም እዚያው ዳስ ውስጥ ጠላ ትቀዳለች።

"እኔ" አሉ ወይዘሮ አስቻለች። "ገማብኝና ደፋሁት።"

ምስጋኑ እህል ሳይቀምስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደውሎላቸውም አያውቅ። እሳቸው ወደ ዳሱ ተመልሰው ባንቺዓለምን ግንባሯን ሳሟት።

"ደክማችሁልኛል" አሉ፤ "እጃችሁ ይባረክ።"